ፈተና ላይ አይወራም

አዳማ በምኖርበት ግቢ ያለች ጎረቤቴ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ቤት ማስተማር ጀምራለች። ፊደል እንቢ አለው፤ የሰማውን ግን አይረሳም። እሷ ታነብለታለች፣ እሱ መልሶ ይነግራታል። ድምፃቸው ሲመጣ መስኮቴን እዘጋለሁ። ቀንቼ አይደለም፤ ወይም ትንሽ ቀንቼ ይሆናል።

እኔም አስተምሬያለሁ። ባደግኩባት በዓለም ጤና ከተማ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ በምጠብቅበት ዓመት፣ የአሥራ አንድ ዓመቷን ታናሽ እህቴን ለሊሴን። ቤተ ክርስቲያን መዝሙረ ዳዊትን በቃሏ ስትወርደው ጉባኤው ሃሌሉያ ይልላት ስለነበር፣ ቤተሰቡ ሁሉ ማንበብ የምትችል መስሎት ኖሯል። ሦስተኛ ክፍል ሁለቴ ስትወድቅ ነው ጉዱ የወጣው። አባባ "በቃ፣ ቤት ትዋል" አሉ። አንድ ዓመት ስጡኝ ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽንኩርት ማሳው ላይ እሷ ቅጠሉን ትቆርጣለች፣ እኔ የሳይንስ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አነብላታለሁ። አመሻሽ ላይ በመስኖው ቦይ ዳር ስንመለስ ደግሞ አስተማሪዋ እሷ ናት።

"ልብ ማለት ፓምፕ ናት፣ እትዬ። ሞተሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚደርቀው የራቀው ማሳ ነው። ለዚህ ነው እግር ቀድሞ የሚቀዘቅዘው።"

ይህን እኔ አላስተማርኳትም።

መስከረም ላይ ለአራተኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ጋሪው ላይ ደጋግሜ ያስጠነቀቅኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ፈተና ላይ አይወራም። ካወራሽ ያባርሩሻል።" ጥቂት ፊደል ስላስለየኋት ወረቀቱን እንደምንም ትሞላዋለች ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር።

ርእሰ መምህሩ ባዶውን ወረቀት አይተው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። ደግ ሰው ነበሩ።

"እስቲ በአፍሽ ንገሪኝ፣ ልጄ። ልብ ሥራዋ ምንድን ነው?"

ለሊሴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ ከኋላዬ የሚያውቁን ወላጆች ተሰልፈዋል። "ንገሪያቸው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ማንበብ የማትችል እህት እንዳለችኝ በሰው ፊት ማመን አፈርኩና አንገቴን ደፋሁ። እሷም ከንፈሯን ግጥም አደረገች።

"አትናገርም እንዴ?" አሉኝ።

"ዓይናፋር ናት" አልኩ።

ስሟ ሳይመዘገብ ወጣን።

ውጭ ፓስቲ ገዛሁላት። አልቀመሰችውም፤ ዘይቱ ወረቀቱን አርሶ ጣቷ ላይ እስኪወርድ ይዛው ቆየች። ጋሪው ላይ ከወጣን በኋላ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ አሁን ማውራት እችላለሁ?"

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። በወሩ ሥራ አግኝቼ አዳማ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ያነበበላት ሰው የለም።

ለሊሴ ዛሬም እዚያው ሽንኩርት ትለቅማለች። አንዴ ይቅርታ ጠይቄያት "ተይው እትዬ፣ የልጅነት ነገር" ብላ አለፈችው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። "ዝም አይነቅዝም" ይላል ሰው፤ እኔ ግን ሲነቅዝ አይቻለሁ። ልጠይቃት ስሄድ ጎረቤቶቿ "እህትሽ እንዴት ያለች ጭምት ናት! ቃል አይወጣትም" እያሉ ያመሰግኑልኛል።

"አዎ" እላቸዋለሁ፣ "ከልጅነቷም እንዲሁ ናት።"