የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ

ሲወስዱኝ ደብተሮቹንም አብረው ወሰዱ።

ቡሬ ላይ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ። ሰሌዳው ላይ የግስ እርባታ እየጻፍሁ ሳለ አንድ ካድሬና ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ታጣቂዎች በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። ካድሬው ተማሪዎቹ የአማርኛ ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ እንዲከምሩ አዘዘ። ልጆቹ እኔን እኔን አዩ።

«አስረክቡ» አልኋቸው።

ሳይጋፉ፣ በየተራ፣ እንዳስለመድኋቸው እየመጡ አስቀመጡ። ደብተሮቹ ማዳበሪያ ውስጥ ታጭቀው ላንድሮቨሩ ላይ ተጫኑ፤ እኔም ከኋላ ከማዳበሪያው ጋር ተቀመጥሁ። እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ማዳበሪያው እየተንሸራተተ እግሬ ላይ ያርፋል። እኔም ደብተሮቹ እንዳይጨማደዱ ቀና አደርገዋለሁ። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። መንገዱን ሁሉ የማስበው ገና ስላላረምሁት የቤት ሥራ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የአንድ ነጋዴ የበርበሬ መጋዘን ነበረ። በርበሬው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም። መሬቱ ላይ ቀይ ብናኝ አለ፤ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ይነሣል። ገና ከመግባቴ አስነጠሰኝ፤ ዓይኔም ፈሰሰ።

«አይዞህ፣ በርበሬው ነው» አለኝ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሽማግሌ። የደጋ ዳሞት ገበሬ ነው፤ ለመንግሥት በግዴታ የሚያስረክበውን የኮታ እህል አዘገየህ ተብሎ የታሰረ። መምህር መሆኔን ሲሰማ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። በኋላ እንደገባኝ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ያለቀሰ ሁሉ በርበሬው ነው ይባልለታል።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ጠሩኝ። ሽማግሌው ስነሣ እጄን ያዝ አደረገና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጠየቁህን ብቻ መልስ» አለኝ።

መርማሪው ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጥፍሩን በንጽሕና የያዘ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተማሪዎቼ ደብተሮች ተደርድረዋል። ሁሉም የመጀመሪያ ገጻቸው ተገልጧል።

ስለዚህ ገጽ መናገር አለብኝ። በየዓመቱ ትምህርት በተከፈተ ዕለት ምንም አላስተምርም ነበር። የክፍሉን ሕግ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ ይገለብጠዋል፤ ከሥሩ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። በሰው አፍ የተነገረ ሕግ ይረሳል፣ በገዛ እጅ የተጻፈ ግን አይረሳም ብዬ አምን ነበር። በሥራዬ ከምኮራባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር።

መርማሪው አንዱን ደብተር አንሥቶ ማንበብ ጀመረ።

«ደወል ሲደወል ደብተርህን ይዘህ ቦታህ ላይ ተገኝ። ጥሩ። እጅህን ሳታወጣ አትናገር። ይህም ጥሩ። ያልገባህን ጠይቅ፤ በመጠየቁ የሚቀጣ የለም።» ቀና ብሎ አየኝና ቀጠለ። «ያጠፋ ራሱ ይናገር፤ ማንም በማንም ላይ አይጠቁም። ጓድ መምህር፣ ይህ የክፍል ሕግ ነው ወይስ የኅቡዕ ድርጅት?»

«የክፍል ነው። ልጆቹ እገሌ መታኝ፣ እገሌ ቀማኝ እያሉ ከመጡ ትምህርት አይሄድም።»

«አብዮቱ ደግሞ የሚጠቁም ሰው ይፈልጋል።»

ከመሳቢያው አንዲት ወረቀት አወጣና ፊቴ አኖራት። ከደብተር የተቀደደች ናት። ባለፈው ሳምንት ቡሬ የኮታ እህል በሚከማችበት መጋዘን በር ላይ ተለጥፋ የተገኘች ናት አለ። አንድ መስመር ብቻ ተጽፎባታል፤ «ያልዘራው አጨደ፤ የዘራው ለመነ።»

«የማን እጅ ጽሑፍ ነው?»

ወረቀቱን ሳላነሣው አውቄዋለሁ። ሁለት ዓመት ደብተሩን ያረምሁለትን ልጅ ስሙን ባይጽፍም እለየዋለሁ። ይህች ልጅ «ዘ»ን ስትጽፍ የላይኛዋን ሰረዝ እስከሚቀጥለው ፊደል ድረስ ትጎትታታለች። ስንት ጊዜ በቀይ እስክርቢቶ «አሳጥሪው» ብዬ ጽፌባታለሁ። የፊተኛው ረድፍ ተማሪ ናት፤ አባቷ ሞቷል፤ በዚያ ዓመት እናቷ ለዘር ያስቀመጠችው ጤፍ ሳይቀር ለኮታ ተወስዷል።

«አላውቀውም» አልሁ። «ሁሉንም ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። ጽሕፈታቸው ይመሳሰላል።»

መርማሪው አልተቆጣም። ወረቀቷን በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እያስጠጋ፣ ልክ እኔ ፈተና እንደማርም፣ አንድ በአንድ ማስተያየት ጀመረ። ተቀምጬ አየሁት። የእሷ ደብተር ከግራ ሦስተኛው ነበር። አነሣው። አየውና አኖረው። ለካ ሕጉን በገለበጠች ዕለት እንድትመሰገን ብላ ተጠንቅቃ፣ ሰረዙን አሳጥራ ጽፋለች።

ከዚያ አጠገቧ የሚቀመጠውን ልጅ ደብተር አነሣ።

ልጁ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የአዊ ገበሬ ቤት የመጣ ወጣት ነው። ትምህርት ዘግይቶ ስለጀመረ ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ ደርሷል። በቤቱ የሚነገረው አውኛ ነው፤ አማርኛ ጽሕፈቱን ያሳመረው አብራው ከምትቀመጠው ልጅ እያየ ነው። ሰረዙንም የወረሰው ከእሷ ነው።

«ይኸውና» አለ መርማሪው።

«የእሱ አይደለም» አልሁ፤ ከአፌ አምልጦኝ።

«እንዴት አወቅህ?»

«መምህሩ ነኝ።»

«አሁን አላውቀውም አላልህም? የእሱ አለመሆኑን ካወቅህ የማን እንደሆነም ታውቃለህ። የማን ነው?»

የሽማግሌው ቃል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ግን አልፎ ነበር። አፌን ብከፍት ልጅቷን እሰጣለሁ፤ ብዘጋ ልጁን። ዘጋሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጁን አመጡት። መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ሲያስነጥስ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ፊቱ በራ፤ እኔ በመኖሬ ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል መሰለው። ወዲያው ከተቀመጠበት ጠርተው ወሰዱት። ሲመልሱት ሁለት ሰዎች ደግፈውት ነበር።

እኔም ጠባቂውን ለምኜ መርማሪው ዘንድ ተመለስሁ። «እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልሁት።

ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠኝና «እስቲ ጻፈው» አለ። ጻፍሁ። የ«ዘ»ን ሰረዝ እየጎተትሁ፣ መስመሩን እያዛነፍሁ ለመጻፍ ሞከርሁ። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ የጻፈ እጅ ግን መዛነፍ አይሆንለትም። መርማሪው አየውና ሳቀ።

«ቁም ጽሕፈትህ ያስቀናል፣ መምህር» አለ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ይህችን ሰረዝ ግን አስበህ ነው የጎተትሃት። ማን እንደሚጎትታት ታውቃለህ ማለት ነው።»

ልረዳ ብዬ የባሰ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። እግሬ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልቁለት አይወድም። ስሟን አልተናገርሁም፤ ግን ይህን ጀግንነት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀበለውም። እኔ ዝም ባልሁ ቁጥር የሚጠሩት ልጁን ነበርና።

ሊመሽ ሲል ግድግዳውን ተደግፈን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከንፈሩ አብጧል።

«ጋሼ፣ እኔ እንዳልጻፍሁት ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ነገሯቸው?»

«ነገርኋቸው። አላመኑኝም።»

«ታዲያ የጻፈውን ያውቁታል?»

ልዋሸው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። «አውቀዋለሁ» አልሁ።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። የጻፈውን ስም ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«እንዳይነግሩኝ» አለ። «ነገም ይጠሩኛል። ካላወቅሁት አይወጣኝም።»

ሽማግሌው ይሰማ ኖሮ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣ ስትል በሩ ተከፈተና የልጁ ስም ተጠራ። «ዕቃህን ይዘህ ውጣ!» ተባለ። ዕቃ አልነበረውም። ንጋት ላይ ዕቃህን ይዘህ ውጣ የተባለ እንደማይመለስ እዚያ ቤት ያለ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ቀስ ብሎ ተነሣና «ፊቴን ልታጠብ» አለ። ጥግ ላይ በቆርቆሮ የተቀመጠች የመጠጥ ውኃ አለችን፤ የዕለቱ ነች። ማንም አትንካ አላለውም።

ቆርቆሮዋን አነሣሁና ላስታጥበው ጠጋ አልሁ።

«ኧረ ነውር ነው፣ ጋሼ! እኔ ነኝ ለእርስዎ የማፈስ።»

«ዘርጋ» አልሁት።

እጁን ዘረጋ። ጠባቂው «ቶሎ በል!» እያለ በሰደፍ በሩን መታ። አልቸኮልንም። ፊቱን ታጠበ፣ አንገቱን፣ ከንፈሩ ላይ የደረቀውን ደም። በሸሚዜ ጫፍ አደረቅሁለት። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና ወጣ።

አባቱ ለሁለት ቀን ስንቅ ይዞ በር ላይ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሯል አሉት። ደብረ ማርቆስ ሄደ፤ እዚህ አልመጣም አሉት። ተመልሶ መጣ፤ ከእንግዲህ ስንቅ አታምጣ አሉት። ይህን የነገረን ስንቅ የሚያቀብለው እስረኛ ነው።

እኔን ከስምንት ወር በኋላ ፈቱኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ደጋ ዳሞት ውስጥ ፈረስ ቤት በምትባል ከተማ እንዳስተምር መደቡኝ። ትምህርት የተከፈተ ዕለት ልጆቹ አዲስ ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። ጠመኔውን ይዤ ብዙ ቆምሁ። ቀኑን ጻፍሁና በቀጥታ ወደ ምዕራፍ አንድ አለፍሁ።

አባትዬውን አንድ ቅዳሜ ደምበጫ ገበያ ላይ አገኘሁት። አህያውን ትቶ መጣና ቆቡን አወለቀ።

«መምህር፣ ልጄ ጽፎታል?»

«አልጻፈውም።»

«ይኸን ነግረዋቸው ነበር?»

«ነግሬያቸዋለሁ።»

ማን ነው ታዲያ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ «እሽ። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ወደ አህያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። የምኖረው እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው። ልጅቷ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች፤ ቡሬ ሱቅ አላት። ያን ዕለት አጠገቧ የሚቀመጠውን ልጅ መታሰር ስትሰማ እጄን እሰጣለሁ ብላ እንደተነሣች፣ እናቷም እግሯ ላይ ወድቃ እንዳስቀረቻት ከሰው ሰምቻለሁ። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። በመንገድ ስንገናኝ ጉልበቴን ልትስም ትጎነበሳለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ለቅሶ ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ነጠላዋን እየቋጠረች፣ «ጋሼ፣ ያን ጊዜ እኮ…» ብላ ጀመረች።

«ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ትንሽ ቆይታ «አዎ፣ ዘገየ» አለች።

ያን ጊዜ እሷን ከጭንቅ ያወጣኋት መስሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ነው የገባኝ። እሷ ብትናገር እኔም ልጁን በዝምታዬ እንደሰጠሁት መናገር ነበረብኝ፤ የፈራሁት እሱን ነው። ሄጄ፣ ያቋረጥሁብሽን ጨርሺው ልላት አስቤ ነበር። ከዚህ ቡሬ በሚኒባስ ሩቅ አይደለም። እስካሁን አልሄድሁም።