ለኤዶ ሀሊሞ የዋሸሁት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአት ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። የመኪና ጎሚኒ ደግሞ ምን ኃጢአት አለው ብለው እንዳይስቁብኝ እፈራለሁ። እናንተ አትሳቁ።

ጅጅጋ ጋራዥ አለኝ። አዴር ፋራህ ከሀርሺን ጅጅጋ ሰው የሚያመላልሱ ሽማግሌ ደንበኛዬ ናቸው። ከጎናቸው ያለችው ወንበር ለተሳፋሪ አትሸጥም፤ የባለቤታቸው የኤዶ ሀሊሞ ናት። በሶማሊኛ አዴር አጎት፣ ኤዶ አክስት ማለት ነው፤ እዚህ ትልልቅ ሰዎችን እንዲህ ብለን እንጠራለን። ኤዶ መንገዱን ሙሉ ያወራሉ፣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ሲነቁ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ተሳፋሪ ሲቀልድባቸው አዴር፣ «ያለ እሷ መሪው አይዞርልኝም» ይሉ ነበር።

የሀርሺን መንገድ ኮረኮንች የመኪናቸውን ጎሚኒ ጨረሰው። ጎሚኒ ከሥር ሞተሩን የተሸከመው ብረት ከቦዲው ጋር ሲገናኝ ንዝረቱን የሚውጥ ላስቲክ ነው። አዲስ ፈልጌ አጣሁ፤ ስለዚህ ቶርኖ ቤት ከአሉሚኒየም አስቀርጬ ገጠምኩ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች፣ አዴር መረቁኝ፣ እኔም ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ይሄ ዕድሜ ልክ አያልቅም» እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ። አሉሚኒየም አያልቅም፤ ንዝረት ግን አይውጥም። የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ወደ ወንበሩ ይልካል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ።

አንድ ቀን ኤዶ ሀሊሞ ወገባቸውን ይዘው ብቻቸውን ጋራዥ መጡ።

«ልጄ፣ መኪናዋ ወገቤን ጨረሰችው። አንተ የሠራኸው ነገር ይሆን? ለእሱ እንዳትነግረው፣ በጣም ደስ ብሎታል።»

ምን አልኩ? «ኤዶ፣ መኪናዋ ደህና ናት፤ ዕድሜ ነው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። አመኑኝ፤ አመስግነውኝም ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ኤዶ ቤት ቀሩ። አዴር ፋራህ ዘይት ሊያስቀይሩ መጥተው፣ «ምን እንዳስቀየምኳት አላውቅም» አሉኝ። «ደከመኝ ትላለች። ሰው ባሏ አጠገብ መቀመጥ ይደክመዋል?» እኔ ከመኪናዋ ሥር ተንጋልዬ አሉሚኒየሙን እያየሁ የዘይቱን ቡሎን አጠበቅኩ።

የመኪና ፋብሪካ «ተሳስቻለሁ፣ አምጡና ላስተካክል» ብሎ የጠራቸውን መኪኖች በስልኬ በሻንሲ ቁጥር የማጣራው እኔ ነኝ። እርማቱ ያልተሠራለትን ባለመኪና እቆጣለሁ። የራሴን ሥራ መልሼ መጥራት ግን አቃተኝ። ለምን? ጉራዬ እንዳይሰበር። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ላስቲኩ ከአዲስ አበባ መጣልኝ። መኪናዋ ለሰርቪስ ስትመጣ ምንም ሳልናገር ቀየርኩት። «ኤዶ ናፍቀውኛል፣ አንዴ ይዘዋቸው ይምጡ» አልኩ። ይዘዋቸው መጡ። መኪናዋ ስትቆም ኤዶ በአዴር ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ወደ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ስወጣ አዴር እጄን ይዘው፣ ኤዶ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይቅር አለችኝ» አሉኝ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ጥፋታቸውን ሳያውቁት ይቅርታ ሲለምኑ ኖረዋል። ሽቶ ገዝተዋል፣ በኤዶ ወንድሞች ዘንድ አማላጅ ልከዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ «እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ።

ሁለቱም ዛሬም አሉ፣ አብረው ይመላለሳሉ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታው በእናንተ እጅ አይደለም። አዴር ፋራህ መሪ ይዘው በየመሀሉ ወደ ጎን ሰረቅ አድርገው ያያሉ፤ ከፍቷት ይሆን እያሉ። ከእኔ ውሸት በፊት እንዲህ አያዩም ነበር።