የኡስታዝና የኻላ ዐረብኛ

ከድንበሩ ማዶ ባለችው የወደብ ከተማ፣ ቡላኦስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ በሚገኝ የየመኖች ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስቀጠር ከድሬዳዋ ይዤው የመጣሁት ዐረብኛ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። በቤቱ የሚኖሩት ሽማግሌ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። ባልየው ጡረታ የወጡ የዐረብኛ አስተማሪ ስለሆኑ ኡስታዝ እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን ደግሞ ኻላ፣ አክስቴ እንደማለት።

የሁለቱ ዐረብኛ አንድ አልነበረም። ኻላ የሚናገሩት ከታኢዝ ገጠር ይዘውት የመጡትን የቤትና የሰፈር ቋንቋ ነው። ኡስታዝ ግን ምሳ ላይ ተቀምጠው እንኳ የሚናገሩት የመጽሐፉን፣ የዜና አንባቢዎቹን ዐረብኛ ነው። ኻላ መስኮቱን ክፈቺ ለማለት "ጣቃውን ክፈቺ" ሲሉኝ፣ ኡስታዝ ከሳሎን ሆነው "ናፊዛ ነው የሚባለው!" ይላሉ።

"ነፋሱ እንደሆነ ስሙን አይጠይቅም" ይሉና ኻላ ሽንኩርታቸውን መክተፍ ይቀጥላሉ።

የኡስታዝ ዓይን እየደከመ ሲመጣ ጋዜጣ የሚያነብላቸው ሰው አጡ። ልጃቸው ያለችው ውጭ አገር ነው፤ ኻላ ደግሞ ፊደል አልቆጠሩም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወለሉን ወልውዬ ስጨርስ ጠሩኝ።

"የአገርሽን ፊደል ታነቢያለሽ?"

"አዎ፣ ኡስታዝ።"

"እንግዲያው ይህም አያቅትሽም። ተቀመጪ።"

ጣ እና ቃ አላስቸገሩኝም፤ የኛም ምላስ ያውቃቸዋል። ዓይን የሚባለው ፊደል ላይ ስንደርስ ግን ጉሮሮዬ እምቢ አለ።

"በእናንተ ቋንቋ ይህ የምናይበት ምን ይባላል?" አሉኝ ወደ ዓይናቸው እያመለከቱ።

"ዓይን።"

ከት ብለው ሳቁ። "አየሽ፣ ቃሉን ጠብቃችሁ ድምፁን ጥላችሁታል!"

እውነታቸውን ነው። ልጅ ሆኜ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ ተብሎ ሁለት ፊደል ስማር፣ ድምፃቸው ለምን አንድ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቀስ በቀስ ጋዜጣውን ማንበብ ቻልኩ። ኻላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡና "ምን አለ?" ይሉኛል። ያነበብኩትን በእሳቸው ዐረብኛ ስነግራቸው ኡስታዝ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ግን አያቋርጡኝም።

ኸምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ ኡስታዝ ከወንበራቸው ወደቁ። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተዘጋ። ቤቱ ጭር አለ። ኻላ፣ ኡስታዝ እንደ ወትሮው ያርሟቸው እንደሆነ ብለው፣ አልጋው አጠገብ ቆመው "ጣቃ፣ ጣቃውን ክፈቺ" እያሉ ዓይን ዓይናቸውን ያያሉ። እኔ ዞር ብዬ እንባዬን እጠርጋለሁ።

አንድ ጠዋት ሾርባ እያጎረስኳቸው ሳለ ማንኪያውን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉና "አሽቲ ማእ" አሉ። ውሃ እፈልጋለሁ ማለታቸው ነው። እንደ ወትሯቸው ቢሆን በመጽሐፉ ቋንቋ "ኡሪድ" ነበር የሚሉት። አሽቲ፣ እንደ ኻላ እዚያው ታኢዝ ገጠር ሲያድጉ፣ በልጅነታቸው እናታቸውን ውሃ የጠየቁበት ቃል ነው። ኻላ ከኩሽና እየሮጡ መጡ።

"ምን አልክ? እስቲ ድገመው!"

"አሽቲ ማእ።"

ኻላ እያለቀሱ አጠጧቸው።

ከዚያ ወዲህ የተመለሰላቸው የታኢዙ ዐረብኛ ብቻ ነው። ጋዜጣውን ሳነብላቸው ይገባቸዋል፤ ስሳሳትም ጣታቸውን ያነሳሉ። ሲናገሩ ግን እንደ ኻላ ነው። ሁለቱ ስለ ተወለዱበት ተራራ፣ ስለ እርከኑ እርሻ፣ ስለ ጉድጓዱ ውሃ ሲያወሩ ይውላሉ። "ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ አውርቶኝ አያውቅም" አሉኝ ኻላ አንድ ቀን፣ እንደ ሙሽራ አፈር እያሉ።

ኡስታዝ ካረፉ በኋላ ኻላን ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እኔም እዚያው ከተማ፣ አምቡሊ አካባቢ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈትኩ። ኻላ ዛሬም በስልክ ረጃጅም የድምፅ መልእክት ይልኩልኛል። ባለፈው ሰሞን ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወሩልኝ። እጄ በሊጥ ተለውሶ ስለነበር ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፌ፣ እያቦካሁ እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። ሲያበቁ፣ እጄን ታጥቤ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩት።