ያካካስኩት የልብ ኪኒን

በፍልሰታ ጾም የጠዋት የልብ ኪኒኔን አልዋጥኩም። ጾሙ ሲፈታ ልቤን እንዳልበድል ብዬ፣ ያጓደልኩትን ለማካካስ በቀን ሦስት ሦስት ዋጥኩ። በአራተኛው ቀን አጥወለወለኝ፤ የጓሮዬ እንሰት ሁሉ ቢጫ ሆኖ ታየኝ። ብቻዬን ስለምኖር "ለአንተም ቢጫ ነው?" የምለው ሰው አልነበረም። በባጃጅ ቡታጅራ ወርጄ ሆስፒታል ገባሁ።

"እማማ፣ ይህ መድኃኒት ልብዎን ያበረታል። ሲበዛ ግን መርዝ ነው፤ ሁሉን ቢጫ አድርጎ ያሳያል፣ ምቱንም አዘግይቶ ሊያቆመው ይችላል። የቀረ ኪኒን አይካካስም" አለችኝ ሐኪሟ።

"ያጓደሉትን መሙላት ጥፋት ሆነ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው!" ብዬ ተቆጣኋት።

"ቤት ውስጥ ማን ያስታውስዎታል?" አለችኝ።

አስተኙኝ። ነርሷ እየተመላለሰች እጄን ይዛ የልቤን ምት ትቆጥር ነበር። በሦስተኛው ቀን "ተስተካክሏል፣ ቤትዎ ይገባሉ" ብላ እጄን ለቀቀችው። ልጆቼ አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ እጄን ያን ያህል ጊዜ የያዘው ሰው አልነበረም።