ዌንዴል ስትራውብ ልጁን ያላሰለፈበት ጨዋታ

ዌንዴል ስትራውብ የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት ያልሞከረው ሥራ አልነበረም። የቡድኑን አውቶቡስ ነድቷል፤ የተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት በፋሻ አስሯል፤ በደቡብ ኢንዲያና የበቆሎ እርሻዎች መካከል እየዞረ በየሰዉ ወጥ ቤት ተቀምጦ፣ የእናቶችን የፖም ኬክ እየበላ፣ ልጆቻቸውን ለኮሌጁ ለምኗል። "እንደ ልጄ ነው የማየው" ይላቸው ነበር። እናቶቹ አመኑት፤ እሱም አልዋሻቸውም።

አሰልጣኝነቱ ስም አወጣለት፤ ጨጓራውንም አሳመመው። ክረምት ሲገባ ቤቱ የሚመጣው ለመተኛት ብቻ ነበር። ልጁ ኤሞሪ ያደገው አባቱን በጨዋታ አዳራሽ ውስጥ እያየ ነው። ለዚህ ይሆናል፣ ዕድሜው ሲደርስ ሌላ ኮሌጅ መግባት ሲችል በአባቱ ቡድን ውስጥ የተገኘው። ቁመቱም ፍጥነቱም አይበቃም፤ ይህን ከማንም ቀድሞ ራሱ ያውቀዋል። በልምምድ ላይ የተጋጣሚውን ኮከብ መስሎ ይጫወታል፤ ቋሚዎቹ በእሱ ላይ ይማራሉ፤ በጨዋታው ዕለት ግን ከተቀያሪዎች ወንበር ጫፍ ተቀምጦ ያጨበጭባል። አራት ዓመት እንዲህ ኖረ።

በየዓመቱ በመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ተመራቂዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ሜዳው መሃል ይወጣሉ። እናት አበባ ትቀበላለች። ከዚያ ተመራቂ የሆነ ሁሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ላብ ያልወጣው እንኳ ቢሆን፣ ጨዋታውን ይጀምራል። ዌንዴል ይህን ልማድ አንድም ጊዜ አልሻረም። አንድ ዓመት ጉልበቱ የተሰበረ ልጅ በክራንች ቆሞ እንዲጀምር ተጋጣሚውን አሰልጣኝ ለምኖ ያውቃል።

የኤሞሪ ተራ የደረሰው ቡድኑ በተዳከመበት ዓመት ነበር። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዌንዴልን ጠርተው፣ "ወደ ማጠቃለያው ውድድር ካልገባን፣ ውልህን ላድስ ብል ቦርዱ አይሰማኝም" አሉት። ያ የመጨረሻ ጨዋታ የግድ ማሸነፍ ያለባቸው ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ሆሊስ የፀጉሩን ጎን እየከረከመለት፣ "ከተሸነፍክ የሚቀጥለው በነፃ ነው፤ ሥራ ስትፈልግ አምረህ እንድትታይ" ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዌንዴልም አብሮ ሳቀ።

ከጨዋታው በፊት ረዳቱ ኦቲስ የተሰላፊዎችን ስም ሊያስመዘግብ መጣ።

"አራቱንም ተመራቂዎች ልስጥ?"

"ሦስቱን።"

"ኤሞሪስ?"

"ሰፋ አድርገን ስንመራ ይገባል።"

"ኮች፣ ልጅህ እኮ ነው!"

"እሱ ነው ችግሩ። የሰው ልጅ ባስጀምር ልማድ ነው ይባላል። የራሴን አስጀምሬ ብንሸነፍ፣ ለልጁ ሲል ቡድኑን ገደለው ይሉኛል።"

"ማነው የሚልህ?"

ዌንዴል ወረቀቱን ተቀብሎ ስሞቹን ራሱ ጻፈ። በዚያች ሰዓት ፍትሕ ያደረገ መስሎት ነበር። ፍርሃት ፍትሕን መስሎ ሲመጣ ከሰው ፊት የሚያኮራ መልክ ስላለው ለመለየት ያስቸግራል።

ለልጁ በመተላለፊያው ላይ ነገረው። ኤሞሪ የጫማውን ክር ሲያስር ቆየና ቀና አለ። "እሺ። አያቴ ግን ከኢቫንስቪል ድረስ መጥታለች፤ እስክገባ እንዳትተኛ ንገራት" ብሎ ፈገግ አለ።

ሦስቱ ሜዳው መሃል ቆሙ፤ ዌንዴል፣ ኤሞሪና እናቱ ማርሊን። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ማርሊን አበባዋን ታቅፋ አለቀሰች። ከዚያ የተሰላፊዎች ስም ሲጠራ ልጇን ለመቅረጽ ስልኳን ከፍ አድርጋ ጠበቀች። አምስተኛው ስም የሌላ ሰው ሆነ። ስልኩን ቀስ ብላ አወረደችው።

ጨዋታው አንገት ለአንገት ነበር። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ቡድኑ በአምስት ነጥብ መራ፤ ተማሪዎቹ "ኤ-ሞ-ሪ! ኤ-ሞ-ሪ!" ማለት ጀመሩ። ሆሊስ ከተመልካቾች ወንበር ላይ ሆኖ፣ "ዌንዴል! አስገባው እንጂ፣ አይነክስህም!" ብሎ ጮኸ። ኦቲስ ምልክት ሰጠው፤ ኤሞሪ ተነስቶ ከላይ የደረበውን ሹራብ ማውለቅ ጀመረ። ዌንዴል እጁን አነሳ፤ "ትንሽ ቆይ።" ወዲያው ተጋጣሚው ከሩቅ ሦስት ነጥብ አገባ፤ ቀጥሎም ከቅጣት ምት አንድ ጨመረ። ኤሞሪ አንድ እጅጌው እንደወለቀ ቁጭ አለ።

በአንድ ነጥብ አሸነፉ። ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። ጓደኞቹን ሮጦ ለማቀፍ ኤሞሪን የቀደመው አልነበረም።

መኪናው ጋ ማርሊን ቆማ ጠበቀችው። "ለስንቷ እናት 'እንደ ልጄ ነው የማየው' አልካት" አለችው፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "እውነትህን ነው፣ አየህላቸው። የእኔን ልጅ ማን ይየው?"

ውሉ ታደሰለት። በውድድሩ የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሜዳቸው ውጭ ተሸነፉ፤ የኤሞሪም የኳስ ዘመን በዚያው አበቃ። ዌንዴል እስኪያረጅ አሰልጥኖ፣ ብዙ አሸንፎ፣ ግድግዳ ላይ ፎቶው ተሰቅሎለት ጡረታ ወጣ። ኤሞሪ ቴሬ ሆት ከተማ የማሞቂያ ቱቦ ይጠግናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ሕፃናት ቅርጫት ኳስ ያጫውታል። አንድ ቅዳሜ ዌንዴል ሄዶ አየው። ኤሞሪ ኳስ መያዝ የማትችለውን ሕፃን ሳይቀር ሁሉንም እያፈራረቀ አስገባ፤ ክፉኛም ተሸነፈ፤ ልጆቹም እየዘለሉ ወጡ።

በዚያ ዓመት በምስጋና በዓል ቀን፣ የቱርክ ዶሮው ከተበላ በኋላ አባትና ልጅ ዕቃ ሲያጥቡ ዌንዴል ለዓመታት አፉ ላይ ሲመላለስ የኖረውን አወጣው።

"ኤሞሪ፣ ያን ዕለት... ላስገባህ ይገባኝ ነበር።"

ኤሞሪ ሳህኑን ማድረቁን አላቆመም።

"ተወው አባዬ። አሸንፈን የለ? እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።"

ዌንዴል ውሸት መሆኑን ያውቃል። ልጁ ቢቆጣ፣ ቢሳደብ የሚመልስለትን ስንት ጊዜ አሰላስሎ ነበር። ይቅርታን ግን አላሰበም ነበር። እጁን ዘርግቶ ሳህኑን ተቀበለው።