የለውዝ ብስኩትና የአባቴ ጾም

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ኬና ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ብስኩት ስትጋግር አረፈደች። በስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት እያወራች ታሳያለች፤ ኬና ታቆማታለች፣ ትለካለች፣ እንደገና ታስኬዳታለች። ዕቃውን የገዛችው ከሰፈራችን ከቡርቃ ጃቶ በባጃጅ መሃል ከተማ ድረስ ወርዳ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ከረጢት ለውዝና አንድ ጠርሙስ የቼሪ ማርማላታ አየሁ። ለውዝ ስል ብዙ ሰው ኦቾሎኒ ይመስለዋል። ይኼኛው የፈረንጁ ነው፤ ዛሬ በየሱቁ አልሞንድ የሚሉት፣ ነጭና ጠፍጣፋ።

“አኮ፣ እንዲህ ያለ ብስኩት ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?” አለችኝ። ኬና እኔን አያቷን የምትጠራኝ እንደ አባቷ ወገኖች በኦሮምኛ ነው።

“ጋግሬዋለሁ” አልኳት።

አላመነችኝም። እኔም ለማስረዳት ስጀምር አንድ ቀን ብቻ መጣብኝ። ለእሷ በአጭሩ ነገርኳት፤ እዚህ ግን እንደሆነው ልጻፈው።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር በወጣትነቱ ወደ ነቀምቴ መጥቶ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ቆርቆሮ ሙሉ ኦቾሎኒ ይሸጣል። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ሁለቱ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ገብተው ቀርተዋል። ቤት ውስጥ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ጠዋት ቁርሱን አቀርብለታለሁ፣ ከዚያ ሲስተር ማርታ ቤት ሄጄ ወጥ ቤት አግዛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ የእሱን ራት እሠራለሁ።

ሲስተር ማርታ ጀርመናዊት አዋላጅ ነበረች። ወለጋ ብዙ ዓመት ስለኖረች ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ይሻላል። አንዳንድ ቀን ወደ ጉቶ ጊዳ ገጠር ስትወጣ ቦርሳዋን ተሸክሜ እከተላታለሁ። አንድ ቀን አንዲት ምጥ የጸናባት ሴት እጄን አጥብቃ ስለያዘች ውጪ በማለት ፈንታ ሲስተር “ቁጭ በይ” አለችኝ፤ ሕፃኑ እስኪወለድ እዚያው ቆየሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ በደረቀው የበቆሎ አገዳ መሃል እየሄድን፣ “አልፈራሽም” አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ጊምቢ ውስጥ የረዳት ነርስ ትምህርት እንዳለ፣ ለእኔም ልትጽፍልኝ እንደምትፈልግ ነገረችኝ።

አባቴ አይሆንም አለ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ አባቴ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። “ጊምቢ ማን አለሽ?” ብሎ ጠየቀኝና ሚዛኑን መወልወሉን ቀጠለ። ከአገሩ ሰዎች አንዱ ለልጁ ሊያጨኝ እንደሚፈልግም ሰምቼ ነበር። እኔ ጊምቢን ብቻ ነበር የማስበው።

ሲስተር ማርታ እናቷ ታመውባት ለስድስት ወር ወደ አገሯ ልትሄድ ነበር። እስክትመለስ ምዝገባው ያልፋል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ባለው ቅዳሜ አባቴን ሻይ ጠራችው። እናቷ በየዓመቱ ለፈረንጆቹ ገና የሚልኩላት ዕቃ ደርሷት ነበር፦ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ የሚሆን ለውዝና አንድ ጠርሙስ ቼሪ። “ለአባትሽ የእናቴን ብስኩት እናቀርብለታለን” አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ጊዜው የታኅሣሥ መግቢያ ነው። የገና ጾም ከተያዘ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኗል። ብስኩቱ ደግሞ ቅቤና እንቁላል አለበት። አባቴ በጾም ቀን ቅቤ የነካውን ማንኪያ እንኳ የማይነካ ሰው ነው። ይህን ለሲስተር መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ብነግራት ከጾሙ በኋላ ይሁን ብላ ትተወዋለች፣ ከጾሙ በኋላ ደግሞ እሷ የለችም ብዬ ፈራሁ።

የነገርኩት ለአዴ ዲንቄ ነው። አዴ ዲንቄ የሲስተር ወጥ ቤት ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ሥራ ሳይዙ የማይቀመጡ ሴት። ጴንጤ ስለሆኑ ጾም አይጾሙም።

“ኢንታላ ኮ፣ ይህ ምን ይከብዳል?” አሉኝ። ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። “ለአባትሽ ለብቻ በዘይት እንሠራለን። ለውዙ አይበቃንም፤ ከሱቃችሁ ኦቾሎኒ አምጪ።”

አርብ ከሰዓት በኋላ ጋገርን። ለውዙን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረን ስናወጣው ቆዳው በጣት ሲጫኑት ሾልኮ ይወጣል። ውስጡ እንደ ወተት ነጭ ነው። በሙቀጫ ወቀጥነው፤ ከዱቄት፣ ከስኳር፣ ከለጋ ቅቤና ከእንቁላል ጋር አሸነው። ሊጡን እያድቦለቦልን መሃሉን በአውራ ጣት እንጫንና ጉድጓዱ ውስጥ ቼሪ ጠብ እናደርጋለን። ቼሪን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩ። እንደ አጋም ኮምጠጥ ይላል፣ ቀለሙ ጥቁር ቀይ ነው። አዴ ዲንቄ ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱት፤ ጣቴን ሁለተኛ ልከት ስል አይተውኝ ነው።

ከዚያ እጃችንን ታጥበን የጾሙን ሠራን። ኦቾሎኒውን ቆልተን ወቅጠን ከዱቄትና ከስኳር ጋር በኑግ ዘይት አሸነው፤ መሃሉ ላይ እንደዚያኛው ቼሪ ጠብ አደረግንበት። አዴ ዲንቄ ሙቀጫውን ሳይቀር በሙቅ ውሃ አሹልኝ። “እኛ ባንጾም የሰው አናስፈታም” አሉ። ብስኩቱ በእንጨቱ ምድጃ በስሎ ሲወጣ ሁለቱም ላይ የተፈጨ ስኳር ነሰነስንበት። ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሲቆረሱ ግን ያንደኛው ውስጡ ነጭ፣ የሌላው ውስጡ ቡናማ ነው። የጾሙን በብረት ሳህን ለብቻ አስቀመጥኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዴ ዲንቄ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። እኔ አባቴን ልቀበል በር ወጣሁ። የእሁድ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቀስ እያለ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ጫማው ላይ አዲስ የበጋ አቧራ ነበር። ይዤው ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰፊ የመስታወት ሳህን ጠበቀኝ። ሲስተር ማርታ ለእንግዳ በብረት ሳህን ማቅረብ ነውር መስሏት ሁለቱንም ብስኩት አንድ ላይ በሚያምር ክብ ደርድራዋለች።

“ኦቦ ወልዴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ይቀመጡ” አለችው።

አባቴ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁ። ሲስተር ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። አባቴ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ እሷ እንዳትሰማ በጉራግኛ፣ “የጾም ነው?” አለኝ።

እውነቱን ለመናገር አሁንም ጊዜ ነበረኝ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

“አዎ፣ አባባ” አልኩት።

አንዱን አንስቶ ነከሰ። እጁ ላይ የቀረውን ግማሽ አየሁት። ውስጡ ነጭ ነው።

አባቴ ቀስ ብሎ አላመጠ፤ ጨረሰው። “ጥሩ ነው” አለ። እኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ሲስተር ማርታ ስለ ትምህርቱ ትናገር ጀመር። እኔ ግማሹን አልሰማሁም። አባቴ በኦሮምኛ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የት እንደምኖር፣ ማን እንደሚያስተምረን፣ ሴቶቹ ብቻቸውን ያድሩ እንደሆነ። እሷም አንድ በአንድ ትመልሳለች። የማታውቀው ሲመጣ “ይህን አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ” ትላለች። በመሃል አባቴ እጁን ዘርግቶ ሁለተኛ ብስኩት አነሳ። ያም ሲነከስ ነጭ ነበር። ሻይ ጨመርኩለት።

በመጨረሻ ሲኒውን አስቀመጠና፣ “ከጥምቀት በኋላ ትሂድ” አለ።

ሲስተር ማርታ ተነስታ በሁለት እጇ እጁን ጨበጠችው። “ገለቶማ፣ ኦቦ ወልዴ” ብላ አመሰገነችው። እኔም መደሰት ነበረብኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ባዶውን የብረት ሳህን አጠብኩት።

እሁድ ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፤ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሰኞ ለአዴ ዲንቄ ነገርኳቸው። ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አላስቀመጡም።

“ዛሬ ንገሪው” አሉ። “ነገ ከዛሬ ይከብድሻል።”

“ጊምቢን ቢከለክለኝስ?”

“ቢከለክልሽ ይከለክልሻል። አንቺ ግን ነግረሽዋል።”

አመሻሽ ላይ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ሄድኩ። የኦቾሎኒውን ቆርቆሮ እየከደነ ነበር። ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁለቱን ሳህን፣ ሲስተር እንዳላወቀች፣ “አዎ” ያልኩትን።

“ያወቅሽው መቼ ነው?” አለኝ።

“የመጀመሪያውን ስትነክስ።”

“ሁለተኛውን ከማንሳቴ በፊት?”

“በፊት።”

ክዳኑን ገጠመው። “የመጀመሪያውን ስታቀርቢ ነገሩ ተምታቶብሽ ነበር ልበል። ሁለተኛውን ግን አውቀሽ ነው ያበላሽኝ።”

ስለ ጊምቢ ልጠይቅ አልደፈርኩም። እሱ ራሱ አነሳው። “ጊምቢ ትሄጃለሽ። ቃል የሰጠሁት ለሲስተር ነው። እሷ አልዋሸችኝም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ሳቀርብለት ከመቁረሱ በፊት “ምንድን ነው ያለበት?” ይለኝ ጀመር። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። ሽሮ ሲሆን ሽሮ እለዋለሁ፣ ጎመን በዘይት ሲሆን ጎመን በዘይት እለዋለሁ፤ ይሰማል፣ ከዚያ ይበላል። በቀን ሁለቴ፣ ለሳምንታት። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ ነገራቸው። ከገና ዕለት ጀምሮ ሰባት ቀን እንዲጾም አዘዙት። የገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሽሮ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ከየጎረቤቱ የዶሮ ወጥ ሽታ ይመጣል፤ እኛ በጓሮው ብርቱካን ዛፍ ሥር ተቀምጠን ሽሮ እንበላለን። እኔም አብሬው ጾምኩ። ጹሚ አላለኝም፣ አትጹሚም አላለኝም። አምስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ከሳህኑ ጥግ አንድ ቃሪያ አንስቶ ወደ እኔ ገፋው። ቃሪያ እንደምወድ ያውቃል።

ጥምቀት አለፈ። የጊምቢው አውቶቡስ ማለዳ ነው የሚነሳው። ከመውጣታችን በፊት እንቁላል ፍርፍር ሠርቼ አቀረብኩለት። እጁን ታጥቦ ቆረሰና በላ። ምን እንዳለበት አልጠየቀኝም። እኔ ፊቴን አዙሬ ሻንጣዬን በገመድ ማሰር ቀጠልኩ። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን እሱ ተሸከመው፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ባርኔጣውን አነሳልኝ። ቀይ አቧራው እስከ ዴዴሳ ወንዝ ቁልቁለት ድረስ ተከተለን፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ነው እንጂ ሌላ አላስታውስም።

ጊምቢ ያረፍኩት ከአባቴ አገር በሆኑ አንዲት ባልቴት ቤት ነው። ክፍሉ ተለስኖ፣ አልጋ ገብቶበት ጠበቀኝ። በሁለተኛው ሳምንት ይሁን በሦስተኛው፣ ሴትዮዋ ቡና እየለቀሙ ሳለ እንዲሁ በጨዋታ መሃል፣ “አባትሽ እኮ ክፍሉን ያስያዘው በኅዳር ነው” አሉኝ። “በጭነት መኪና ሾፌር ልኮብኝ፣ ልጄ ልትማር ትመጣለች፣ በር ያለው ክፍል ይሁን አለኝ።”

በኅዳር ሲስተር ማርታ ገና አልጠራችውም ነበር። ብስኩቱም አልተጋገረም።

ይህን አንድም ቀን ለአባቴ አላነሳሁበትም፤ እሱም አላነሳልኝም። አሁን እሱ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፌ፣ ሠላሳ ምናምን ዓመት በየማዋለጃ ክፍሉ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያን ቅዳሜ ዳገቱን ሲወጣ እኔ ያየሁት ሊከለክለኝ የሚመጣ ሰው ነበር። እሱ ግን ከዚያ ጊዜ በኋላ ራቱን ማን እንደሚሠራለት አስቦ ጨርሶ፣ ለማን አደራ እንደሚሰጠኝ በዓይኑ ለማየት ነበር የሚመጣው። ጥያቄዎቹን ሁሉ የጠየቀው ለዚያ ነው። የጾም ነው ወይ ሲለኝ አይደለም ብለው ኖሮ ሻዩን ብቻ ይጠጣ ነበር፤ እኔም ያው ጊምቢ እሄድ ነበር።