ሞተሩ የጠጣው አረቄ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የመኪናውን ላዲያተር ሊሞላ ብሎ አንድ ጀሪካን ከፍቶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ያለው አረንጓዴ ፈሳሽ እንደ ከረሜላ ይሸታል። "እማዬ፣ አረንጓዴው ይሻላል ይላሉ፤ የለም ቀዩ ነው ይላሉ፤ ሁለቱን መቀላቀል ደግሞ ሞተር ያበላሻል ይላሉ" እያለ ስልኩን ያገላብጣል። ይላሉ፣ ይላሉ! እኔ በዚህ "ይላሉ" በሚሉት ቃል ቆሽቴ ካረረ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። "ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብብና እሱ ያለውን ግዛ" ብዬው ወደ ውስጥ ገባሁ። ሽታው ግን ተከትሎኝ ገባ።

ያኔ ደባርቅ ነበርን፤ ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ የተዳርኩ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላኝ አራስ ነበርኩ። ባለቤቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። መኪናዋ እኛ ግቢ ታድራለች።

ደባርቅን የሚያውቅ ሰው ውርጩን ያውቃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ላዲያተር ውስጥ ያደረ ውኃ በረዶ ሆኖ ይረጋል፣ ሲረጋ ያብጣል፣ ሲያብጥ ሞተሩን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ባለቤቴ ሲመሽ ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ውኃውን በባልዲ ያወጣዋል፤ ሲነጋ እኔ ለብ አድርጌ አቀብለዋለሁ፣ እሱ መልሶ ይሞላዋል። የአገሩ ሹፌር ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ ተሾመብን። "መኪናዋ በማንኛውም ሰዓት ዝግጁ ትሁን። ውኃ ማፍሰስ የሚባል ነገር ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል" አለው።

"ጓድ ኃላፊ፣ ውርጭ አለ እኮ" አለ ባለቤቴ።

"ውርጭ የአድኃሪዎች ሰበብ ነው።"

እንግዲህ ውርጭም አድኃሪ ሆኖ አረፈው። የማይረጋው የላዲያተር ፈሳሽ ከጎንደር እንዲላክ ማመልከቻ ተጻፈ፤ መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሞተሩ ቢሰነጠቅ ግን መልሱ ፈጣን ነው፤ አሻጥር ይባላል። በመንግሥት ንብረት ላይ አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ያን ጊዜ ጮክ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ምክር ግን ሞልቶ ተርፏል። አንዱ መጥቶ "ጨው ጨምርበት፣ ጨው ያለበት ውኃ አይረጋም ይላሉ" ይለዋል። ሌላው "ነጭ ጋዝ ነው ሁነኛው ይላሉ" ይለዋል። አማቴ አረቄ አውጥተው የሚሸጡ ሴት ነበሩና "የእኔ ዳግም አረቄ ደጅ ቢያድር ረግቶ ያውቃል? እሱን አጠጧት" ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ሰው ማስቀየም አይወድም፤ ለሁሉም "እውነትም" ነው መልሱ። ጠዋት የጨው ሰው ሆኖ ይወጣል፣ ከሰዓት የጋዝ ሰው ሆኖ ይመለሳል።

በመጨረሻ "እስቲ ዝም በሉኝ" ብዬ አራት የቲማቲም ጣሳ ሰበሰብኩ። በአንዱ ንጹሕ ውኃ፣ በአንዱ የጨው ውኃ፣ በአንዱ ነጭ ጋዝ፣ በአንዱ ከአረቄ እኩል የተቀላቀለ ውኃ አደረግኩ። ባለቤቴ የመኪና ሆድ ብረትና ጎማ ነው ሲለኝ ሰምቼ ስለነበር በየጣሳው አንዳንድ ምስማርና ከአሮጌ በረባሶ የቆረጥኩትን ጎማ ጨመርኩበት። አጥሩ ሥር ደርድሬ አሳደርኳቸው። ጎረቤቶቼ "የሹፌሩ ሚስት ጥንቆላ ጀመረች" እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ! ያን ሳምንት ባለቤቴ በድብቅ ውኃውን እያፈሰሰ፣ ሳይነጋ እየሞላ አሳለፈው።

ንጹሑ ውኃ በየቀኑ ረግቶ አደረ። ጨዉ አልረጋም፤ ምስማሩን ግን በልቶ ቀይ አደረገው። ነጭ ጋዙ ጎማውን አሳብጦ እንደ ራሰ ዳቦ አለሰለሰው። አረቄው አልረጋም፣ ጎማው ደህና፣ ምስማሩም ብዙ አልከፋው። "ይኸውልህ፣ ከእንግዲህ 'እውነትም' የምትለው ለእኔ ብቻ ነው" አልኩት። የአማቴን አረቄ ከውኃ ጋር ለክቼ በገዛ እጄ ሞላሁት።

የረሳሁትን ልንገራችሁ? ጣሳዎቹን በብርድ ፈተንኳቸው እንጂ እሳት ላይ አልጣድኳቸውም። አረቄ ሲወጣ በየሳምንቱ እያየሁ! አረቄ አረቄ የሚሆነው ከውኃው ቀድሞ ስለሚተን መሆኑን በዚያ ቤት ድመቷ እንኳ ታውቃለች። እኔ ብርዱን ብቻ ስፈራ ዳገቱን ረሳሁት።

ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን ኃላፊውን ይዞ ወደ ዳባት ወረደ። ዳገት ላይ መኪናዋ ጨሰች። ባለቤቴ ወርዶ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲከፍተው የፈላው አረቄ ተስፈንጥሮ ካፖርቱን ከአንገት እስከ ወገብ አራሰው። ኃላፊው ወርዶ ጠጋ አለና አሸተተው።

"አንተ! ጠጥተህ ነው እኔን የምትነዳ?"

ባለቤቴ በሠርግ እንኳ የተቀዳለትን ጠላ ለጎረቤቱ የሚያሳልፍ ሰው ነበር። ካፖርቱን በጨርቁ መጥረግ ያዘ። ኃላፊው በሌላ መኪና ዳባት ደርሶ አሳሰረው።

ወሬው ሲደርሰኝ ልጄን አዝዬ፣ የአረቄውን ጠርሙስና ጣሳዎቼን በዘንቢል ይዤ በእህል መኪና ዳባት ገባሁ። መጀመሪያ መኪናዋ ተጎትታ የቆመችበት የአንድ ሽማግሌ መካኒክ ደጅ ሄድኩ።

"አንቺ ነሽ ያስጠጣሻት?" አሉኝ ዘንቢሌን አይተው።

"እንዴት አወቁ?"

"ከእኔ በላይ ጠጥታለች። ስፈታት ራሴን አዞረችኝ።"

ሳቅ አልመጣልኝም። "ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ፤ እሱ እንደሆነ መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም" አልኩ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስሚኝ ልጄ። ሰከረ ከተባለ ይገሠጻል፣ ይቀጣል፣ ቤቱ ይገባል። በመንግሥት ሞተር ውስጥ ያልታዘዘ ነገር ጨመረ ከተባለ ግን አሻጥር ነው፤ አይመለስልሽም። እኔ ውኃ አንሷት ነው ብዬ ጽፌያለሁ። አንቺ ዘንቢልሽን እዚህ ተይና ይጠጣል በይ።"

ኃላፊው ፊት ቆምኩ። ባለቤቴን አመጡት፤ ካፖርቱ አሁንም ይሸታል። ንጹሕነቱን ልመሰክርለት ከደባርቅ ድረስ ለሄድኩት ሴት ይህ ምን ይባላል?

"ባልሽ ይጠጣል?"

"ይጠጣል፣ ጓድ ኃላፊ። ብመክረው አይሰማኝም። አስቸግሮኛል።"

ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ጀርባዬ ላይ ያለው ልጅ ይነጫነጫል፤ እኔ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

"አየህ? ሚስትህ እንኳ መሰከረችብህ!"

"እውነቷን ነው" አለ ባለቤቴ ቀስ ብሎ።

ማስጠንቀቂያ ተጽፎ ፋይሉ ውስጥ ገባና ተለቀቀ። መካኒኩ ውኃ አንሷት ነው ባሉበት ወረቀት ላይ "ሲመሽ ውኃው ይፍሰስ" ብለው ጽፈው ኖሮ ኃላፊው ምንም ሳይል ፈረመበት። ባለሙያ ሲጽፈው ውርጩ ውርጭ ሆነ! ይህ ሁሉ መከራ ወደ ባልዲያችን ለመመለስ ነበር።

ስንመለስ እህል መኪናው ላይ ጆንያ ተደግፈን ተቀመጥን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምጠጣው?" አለኝ።

"ዝም በል።"

"አይ፣ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልሳሳት ብዬ ነው።"

የሰካራምነት ስሙ ግን ተለጥፎበት ቀረ። ደባርቅ ገበያ ላይ ሴቶች "አይዞሽ እቴ፣ ሲያረጅ ይተዋል" እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር። ወሬው የንስሐ አባታችን ዘንድም ደረሰና መጥተው መከሩት፣ ቀኖናም ሰጡት፤ አርባ ቀን ስግደት። "ለእሳቸው እንኳ እውነቱን ንገራቸው" ብዬ ተቆጣሁት።

"ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንቺን እንደ እኔ ቢያስሩሽ ልጁን ማን ያጠባል?" አለኝ።

ጎህ ሲቀድ በዚያ ውርጭ ላይ ይሰግድ ነበር። ሲነሣ የጉልበቱና የግንባሩ ምልክት ነጩ ሣር ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያውን ቀን በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ በኃላፊው፣ በአማቴ፣ በራሴ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በእሱ ዝምታ ተናድጄ። በሁለተኛው ቀን ልጁን አስተኝቼ ነጠላዬን አጣፋሁና ከጎኑ ቆምኩ። ቦታ ለቀቀልኝ።

ባለቤቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከቀብሩ ስንመለስ አብረውት የሠሩ አንድ አዛውንት እጄን ያዙና "ደግ ሰው ነበር፤ መጠጧን ባይወዳት ኖሮ። ነፍሱን ይማር" አሉኝ። ደርግ ሄዷል፣ ኃላፊው ሄዷል፣ የሚፈራ ሰው አልቀረም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

"አሜን" አልኳቸው።